አንድ ማንኪያ ለአባዬ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃውን ራስሽ መውጣት ጀመርሽ ወይስ አሁንም እየተደገፍሽ ነው? እኚያ ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥሱት አከራይ እንዴት ናቸው? አባዬ ምግብ እምቢ ማለቱን ከሰማሁ ወዲህ ሐሳቤ እናንተው ዘንድ ነው፤ እሱንም እመጣበታለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ ከሥራ ቦታዬ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ ነው፤ ውጭው ያካፋል፣ ከኋላዬ የማረባቸው ነገሮች ያሉበት የውሃ ታንክ እንደተኛ ሰው ቀስ እያለ ይተነፍሳል።

ሁልጊዜ "ለመሆኑ እዚያ የምታረቢው ምንድን ነው?" ትይኛለሽ። ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት ናቸው እማዬ፤ ድሮ ከአንዲት ትንሽ እንስሳ ተወስደው ከዚያ ወዲህ በብርጭቆ ውስጥ ሲባዙ የኖሩ። ሮዝ ቀለም ባለው ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፣ ስኳር ይበላሉ፣ በምላሹም ለሕመምተኛ የሚሆን መድኃኒት ይሰጡናል። የእኔ ሥራ እነሱን ማብላት ነው። አንዳንዴ ያን ውሃ ሳየው የማለዳ ሰማይ ተቀድቶ የመጣልኝ ይመስለኛል፤ እንዲያ ስፈዝ ስሜን የሚጠራ ሰው ሁለቴ መድገም አለበት።

ሰሞኑን ግን ጉድ ሆነን ነበር። ሕዋሳቱ ደከሙ፣ ውሃቸውም መኮምጠጥ ጀመረ። እኔም ያንቺ ልጅ አይደለሁ፣ "ራባቸው!" ብዬ ስኳር የሚገባበትን ቱቦ ልከፍት ተነሣሁ። አለቃችን፣ ሁሉን በጠብታ ስለምትለካ "ጠብታ" የምንላት ሴትዮ፣ እጄን ያዝ አድርጋ "ተይ እንጂ፣ የያዛቸው ጥጋብ ነው" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳሩ ሲትረፈረፍላቸው ይሰለቅጡትና በወጉ ሳይጠቀሙበት አሲድ አድርገው ይተፉታል። ያ አሲድ የሚኖሩበትን ውሃ ያበላሽባቸዋል። ማርም ሲበዛ ይመራል የሚባለው እውነት ነው። ጠብታ ቱቦውን አጥብባ ስኳሩ በጥቂት በጥቂቱ ብቻ እንዲገባ አደረገች፤ ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ልቤ ግን አላረፈም፤ እነሱ ቢሞቱ የስንት ጊዜ ልፋታችን ውሃ በላው ማለት ነበር። በማግስቱ ስገባ ኮምጣጣነቱ ቀንሷል። ስኳሩ ሲያንስባቸው የተፉትን አሲድ ራሱን መልሰው መብላት ጀምረዋል! ደስ ብሎኝ ጉንጬን ታንኩ ላይ ለጠፍኩ። እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ያኔ ነው አባዬ ትዝ ያለኝ።

እማዬ፣ አትቀየሚኝ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሳህን ባየ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ እንደሚያዞር፣ አንቺም "ከእጄ መብላት ጠላ" እያልሽ ጓዳ ገብተሽ እንደምታለቅሺ እኅቴ ነግራኛለች። ሐኪሙ ትንሽ ትንሽ ይቅመስ ቢል አንቺ ሳህኑ ላይ ተራራ ትሠሪያለሽ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያልሽ ያሳደግሽን ሴትዮ፣ ምግብ ላይ ሲሆን እንቁላሉን ታስሮጪዋለሽ!

ባለፈው ስልኩን ሲሰጡት በሹክሹክታ ያለኝን ልንገርሽ። ዕድሜውን ሙሉ ሳህኑን ጠርጎ ሲበላ የኖረው ሁልጊዜ ርቦት አልነበረም። ቆመሽ ስታዪው ፊትሽ ስለሚበራ ነው። አሁን መጨረስ አቃተው፤ የፊትሽን ብርሃን ማጥፋት ደግሞ አልሆነለትም። ወደ ግድግዳ የሚዞረው አፍሮ ነው እማዬ፣ ጠልቶሽ አይደለም።

እኅቴን ሳሚልኝ። ታናሽ ወንድሜ የብስክሌቴን ጎማ አልፎ አልፎ ይንፋልኝ፤ እሱ ሲነዳው እንደሚውል አውቃለሁ። አከራዩን ይማርዎ በይልኝ።

ለአባዬ ሰላምታዬን በአንድ ማንኪያ ስጪልኝ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጪና አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ስለ ሌላ ነገር አውሪው። ሁለተኛውን ራሱ እስኪጠይቅሽ ጠብቂው።

ናፋቂሽ ልጅሽ

ከመስኮቱ ሥር፣ ካፊያው ሳያባራ
ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን