«የጉም በር»ን ከማን ጋር አየኸው?

ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሀምዳን፣ ባለህበት

አሰላሙ ዓለይኩም ሀምዳንዬ። እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ሥራውስ? የሻርጃ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ ጉልበቷን እያመማትም ቢሆን ከጠዋት እስከ ማታ ትቆጣለች፤ መቆጣት ከቻለች ደህና ናት ማለት ነው። ልጅህ ሀያም ኬጂ ገብታ መምህሯን ማዘዝ ጀምራለች። ሱቁም እንደ ነገሩ ነው፤ ስኳር ሲኖር ዘይት ይጠፋል፣ ዘይት ሲመጣ ስኳር ይጠፋል።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ሳወራህ ታቋርጠኛለህ። ኔትወርኩም ወሬው ከረር ሲል ጠብቆ ይቆረጥልሃል፤ እንዴት እንደሚያውቅልህ እንጃ። ቴሌግራም ላይ ብጽፍልህ ደግሞ እዚያ የጻፉትን መልሶ ማጥፋት አለ። ወረቀት ግን አይጠፋም። ስለዚህ አረፍ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ «የጉም በር»ን ከማን ጋር አየኸው?

አላየሁም እንዳትለኝ። እኔና አንተ አራት ክፍል መጽሐፍ በእርሳስ እያሰመርን ያነበብን ሰዎች ነን። ደራሲው ሁለተኛው ክፍል ላይ እንደ ዘበት የጠቀሳትን አንዲት ጠባሳ ይዘን፣ ከሃዲው ማን እንደሆነ ከሁሉም ቀድመን ያወቅን እኛ ነን። ታዲያ እኔን ነው የምታታልለው? ኧረ ተው!

ቃላችንን ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ጳውሎስ አካባቢ መጽሐፍ የሚያከራየው ጋሽ ጉታ ዘንድ ሁለተኛውን ክፍል እኔ ተከራይቼ ስይዘው፣ አንተ በየቀኑ እየመጣህ «ያቺ ልጅ ዛሬም አልመለሰችም?» ስትል ነው የተዋወቅነው። ሦስተኛውን እየተቀማማን አነበብነው፤ አራተኛውን ተጋብተን። ከመጽሐፉ ፊልም ሊሠራ ነው የተባለ ጊዜ አንተ ለጉዞ ሻንጣ እያዘጋጀህ ነበር። «እኔ ሳልመጣ እንዳታዪው» አልከኝ። «አንተም እኔ ከጎንህ ሳልኖር እንዳታየው» አልኩህ። ሰው ቢሰማን ይስቅብን ነበር። ለእኛ ግን የምር ነበር፤ ለእኔማ አሁንም የምር ነው።

ፊልሙ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ የቴሌግራም ግሩፓችን ምን እንደሆነ አንተም ውስጡ ስላለህ ታውቀዋለህ። «የጉም ልጆች» የሚለው ስም ቀርቶ የጉም ጠበኞች ሆንን። ቶማስ፣ ያ ሁሉ ነገር የማይጥመው መምህር፣ «ይሄ ፊልም አይደለም፣ በመጽሐፉ ላይ የተፈጸመ ግፍ ነው» ብሎ ጀመረ። «ዘንዶው እኮ የውኃ ጎማ ነው የሚመስለው! ያን ሁሉ ገጽ ስንፈራው የከረምነው ይሄንን ነው?» ሄርሜላን ደግሞ ታውቃታለህ፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ጎረቤታችን፣ ፊልሙን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። «አንተ እውነተኛ ዘንዶ የት አይተህ ነው የምታወዳድረው?» አለችው። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ሞተ።

ዋናው ጠብ ግን በሐሚል ነው። መጽሐፉ ላይ ሐሚል እህቱን ናርዳን አትርፎ፣ የጉሙን በር ከውጭ ዘግቶ፣ እዚያው ይሞታል። ስንት ቀን አለቀስንለት! ፊልሙ ላይ ግን አይሞትም አሉ። በጉሙ ውስጥ ተደብቆ እህቱን ከሩቅ እያየ ይኖራል። ቶማስ በዚህ ጊዜ አበደ። «ፈሪ አደረጉት! በሕይወት ካለ ለምን ወደ ቤቱ አይገባም?» አለ።

ልብ በል፣ እኔ ይሄን ሁሉ የማውቀው ከወሬው ነው። ቃላችን ስለ ማየት እንጂ ስለ ወሬ አልነበረም። አንተ ግን ከወራት ዝምታ በኋላ ድንገት ብቅ ብለህ ለቶማስ መለስክለት። «ሐሚል ፈሪ አይደለም። ሰው ተሸንፎ በየትኛው እግሩ ነው ቤቱ የሚገባው? ደጃፏ ድረስ መጥቶ፣ ሊያንኳኳ እጁን አንስቶ ሲመልሰው አላያችሁም?» ብለህ ጻፍክ።

«አላያችሁም?» ነው ያልከው።

ሄርሜላን ጠየቅኳት። ሊያንኳኳ እጁን አንስቶ የሚመልስበት ቦታ መጽሐፉ ላይ የለም፣ ማስታወቂያው ላይም የለም፣ ፊልሙ ውስጥ ብቻ ነው ያለው አለችኝ። ሰበብ ፈለግኩልህ። ሰው ነግሮት ይሆናል አልኩ። በስልክ የቀረጸ ሰው ልኮለት ይሆናል አልኩ። እናቴ ፊቴን አይታ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ጥርሴን» አልኳት። ቅርንፉድ ሰጠችኝ፣ ምን ላድርግ፣ ነከስኩት።

ቅዳሜ ኅዳር 13 የሆነውን ደግሞ ስማ። ማታ ለደንበኛ ስኳር እየመዘንኩ ስልኬ ብልጭ አለ፤ ግሩፑ ላይ የጻፍከው አንተ ነህ። «እንኳንም መብራት ጠፋ። ከፊልሙ ሁሉ የሰዉ ድምፅ በለጠ» ይላል። ስኳሩን አስረክቤ መልሼ ሳየው የለም፤ አጥፍተኸዋል። ለብቻህ «ምን ማለትህ ነው?» ብዬ ስጽፍልህ፣ «በስህተት ነው የኔ እናት፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ልጽፍ ነበር» አልከኝ።

በነጋታው ሄርሜላ ሱቅ መጣች። ከአንድ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፊልሙን ለሦስተኛ ጊዜ ልታየው ሄዳ ነበር። «ጉድ በል ጉለሌ!» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። ፊልሙ ላይ የጉሙ በር ሊከፈት ሲል አዳራሹ ውስጥ መብራት ድርግም አለ፤ ጄነሬተሩም አልነሳ አለ። ሰው ይጮኻል፣ ገንዘባችንን መልሱ ይላል ብላ ስትጠብቅ፣ ከኋላ አንድ ሰው የጉሙን በር የሚጠብቁትን የዘቦቹን መሐላ ከመጽሐፉ በቃሉ ማለት ጀመረ። ከዚያ ሁሉም ተቀበለው። አዳራሽ ሙሉ ሰው በጨለማ መሐላውን እስከ መጨረሻው አለው። «ዘኪ፣ ገላዬን ሁሉ ውርር አደረገኝ፣ ምነው በነበርሽ» አለችኝ።

እኔም ውርር አደረገኝ፤ የኔው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ፊልሙ የሚታየው አንድ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነው። ወደ ውጭ አልተላከም፣ ኢንተርኔት ላይም የለም። ሻርጃ ደግሞ መብራት አይጠፋም፣ ሀምዳን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣልኝ ጀመር። ከመስከረም ወዲህ የስልክህ ካሜራ ተሰበረ፤ ፊትህን ካየን ሁለት ወር አለፈን። ድሮ ስትደውል «እናንተ ጋ ስንት ሰዓት ሆነ?» ሳትል ወሬ አትጀምርም ነበር፤ አሁን አትጠይቅም። «ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው» ትለኛለህ፣ ሳልህ ግን እዚህ ብርድ የያዘው ሰው ሳል ነው። እናቴ «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» የምትለው ለካ እንዲህ ነው።

እና ምን አሰብኩ መሰለህ? ሴት ናት አልኩ። አዲስ አበባ ገብቶ ሚስቱ ቤት ያልመጣ ሰው ሌላ የት ያድራል? አለቀስኩ፣ አልደብቅህም። ከሁሉ ያንገበገበኝ ደግሞ እሷን ወስዶ ያሳያት «የጉም በር»ን መሆኑ ነው። ሌላ ፊልም ጠፍቶ ነው? ስለ ናርዳ ምን ታውቃለች? እያልኩ ከማላውቃት ሴት ጋር ስጣላ ሰነበትኩ።

ኀሙስ ዕለት ሀያምን ይዤ አዲሱ ገበያ፣ አብሮ አደግህ አሽረፍ ሱቅ ሄድኩ። አሽረፍን ታውቀዋለህ። ለአንድ መጋረጃ አሥር ጊዜ የሚምል ነጋዴ ነው፤ «ወላሂ አያተርፈኝም፣ ወላሂ ለአንቺ ስል ነው» ሲል ነው የሚውለው።

«ሀምዳን የት ነው ያለው?» አልኩት፣ ሰላምታዬን እንኳን ሳልጨርስ።

«ሻርጃ ነዋ! ምን ነካሽ ዘኪ?»

«ወላሂ በል።»

«ሻይ ልዘዝልሽ?» አለኝ።

«ሻይ አልጠጣም። ወላሂ በል።»

«ለልጅቷ ብስኩት...»

«አሽረፍ!»

ያ ለሁለት ክንድ ጨርቅ የሚምለው ሰው ለዚህ መማል አቃተው። ጨርቁ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። «እሺ፣ ይሄን ብቻ ንገረኝ። ፊልሙን ከማን ጋር ነው ያየው?»

«ብቻውን ነው!» አለና አፉን ያዘ።

ካመለጠው በኋላማ ምን ያደርጋል፣ ዘረገፈው። በሄድክ ቁጥር ሁለት ትኬት እንደምትቆርጥ ሲነግረኝ ተነሥቼ ልይዘው ምንም አልቀረኝ። «ሁለት? ሁለተኛው ለማን ነው?» ስለው «ለአንቺ ነው እንጂ! ጃኬቱን አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ አደረገ። ሰው ሊቀመጥ ሲመጣ 'የባለቤቴ ቦታ ነው፣ መጣሁ ብላለች' ይላል። እኔ አንድ ቀን አብሬው ብሄድ፣ አፍሬ ሁለት ወንበር ርቄ ተቀመጥኩ» አለኝ። «ወላሂ በል» አልኩት። «ወላሂ!» አለ፣ ሳልጨርስ ነው ያለው። አሽረፍ ደግሞ በዕድሜው አንድ መጽሐፍ ያልገለጠ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከራሱ አይፈጥርም።

ድርጅቱ ተዘግቶ ሠራተኛውን ሁሉ እንደበተኑ፣ በለበስከው ልብስ ብቻ እንደተመለስክ፣ «ዘኪያን በምን ዓይኔ አያታለሁ፣ ለእናቷስ ምን እላለሁ» እያልክ እሱ ዘንድ እንደተጠለልክ ነገረኝ። ይሄን እየተናገረ ሳለ ከኋላ የተሰቀለው ቡናማ መጋረጃ ተንቀሳቀሰ።

«ነፋስ ነው» አለኝ ቶሎ ብሎ።

የሱቁ ጀርባ ግድግዳ ነው፤ ነፋሱ ከየት ይገባል? ተነሥቼ ተጠጋሁ። «ይሄኛው መጋረጃ ስንት ነው?» አልኩት።

«እሱ... እሱ አይሸጥም» አለኝ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ። ስትተነፍስ እሰማህ ነበር፣ ወይም የሰማሁ መሰለኝ። ልገልጠው እችል ነበር፤ አልገለጥኩትም። ጎትቼ ያወጣሁት ባል ይዤ ቤቴ መግባት አልፈለግኩም። ሀያምን እጇን ይዤ ወጣሁ።

አሁን ያለሁበትን እውነቱን ልንገርህ። ተቆጥቻለሁ። ባዶ እጅህን በመምጣትህ አይደለም፤ እኔ ያገባሁት ሻንጣ ነው እንዴ? የተቆጣሁት ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ታክሲ መንገድ ላይ ሆነህ ስለ ሙቀት ስላወራኸኝ ነው። ከእንግዲህ ዝናብ ነው ብትለኝ እንኳን ወጥቼ ነው የማየው። ወንበር ይዘህልኝ መቀመጥህ ደግሞ አንጀቴን በላው፤ እሱንም አልደብቅህም። እኔን ግን የሚያስፈልገኝ ወንበር መያዝህ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ አሽረፍ ነው፤ እንዳይከፍተው አስምዬዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ኀሙስ ዕለት ከሱቁ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ሀያም ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«ኡሚ፣ መጋረጃው ውስጥ ሰውዬ አለ። እግሩን አይቼዋለሁ።»

«ማን ይመስልሻል?» አልኳት።

«አላውቀውም» አለችኝ። ትንሽ አሰበችና «ሌባ ነው?» አለችኝ።

አይደለም አልኳት። «እና ማነው?» ብላ እስከ ቤት ድረስ ጠየቀችኝ፤ ዛሬም ትጠይቀኛለች። እኔ አልነግራትም። መልሱ ያለው አንተ ጋ ነው፤ መጥተህ ራስህ ንገራት።

አላህ ድፍረቱን ይስጥህ፣ እግርህንም ወደ ቤትህ ያቅናልህ።

ያልተፈታች፣ ገና ያልታረቀችም ሚስትህ
ዘኪያ