የእታለምን ቀጠሮ ለሰጡን ዳይሬክተር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ መምህር ነኝ፤ የምጽፍልዎም እናትም አባትም ሆና ስላሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ እታለም እያልኩ ስለምጠራት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ጊዜዎን ላለመሻማት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. እታለም ጎኗን ይዛ፣ ሕመሙ እስከ ብሽሽቷ እየወረደ፣ ከስፌት መኪናዋ ሥር ተጠቅልላ ተገኝታ እርስዎ ዘንድ ባመጣናት ቀን፣ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ ላይ ዘጠኝ ሚሊሜትር ጠጠር ተቀርቅሮ ታየ። ሐኪሙ፣ ትንሽ ቢሆን ከሽንት ጋር በራሱ ይወጣ እንደነበር፣ ይህኛው ግን በማሽን መሰባበር እንዳለበት በትዕግሥት አስረዱን። ማሽኑ ከተበላሸ ዓመት እንዳለፈው የነገረን ግን ዘበኛው ነው፤ እሱንም አመሰግናለሁ።

፪. የሰባት ወር ቀጠሮ ሲሰጣት፣ እስከዚያ ውሃ በብዛት እንድትጠጣ መመከሯ ድንቅ ነበር። ፋብሪካው በፈረቃ አንዴ ብቻ መጸዳጃ ቤት ስለሚያስገባ፣ እታለም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ላይ ውሃ በአፏ አልዞረም።

፫. በአራተኛው ወር ሕመሙ ድንገት ተዋት። "ወጣልሽ!" ብዬ አቀፍኳት፤ እሷም ሳቀች። ለካ ጠጠሩ እዚያው ነው፤ ዝም ያለው ኩላሊቱ ኖሯል። ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት መልሰን አመጣናት። መውጫ ያጣው ሽንት ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊቱን አበላሽቶት፣ መግል ቋጥሮ ነበር። በማግስቱ ቆርጠው አወጡት። ለዚህ ማሽን አላስፈለገም፤ ቢላዋው ደህና ይሠራል።

፬. ከማደንዘዣው ስትነቃ "ጠጠሩስ?" አለችኝ። "አብሮ ወጣ" አልኳት። "ተመስገን" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ምንም አልጠይቅዎትም። አቤቱታ የሚጻፈው ለሚያነብ ሰው መሆኑን ዘግይቼም ቢሆን ተምሬያለሁ።

ከተከበረው ወንበርዎ ለአፍታም ሳይነሱ ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የበሽተኛዋ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት በቀረው ኩላሊቷም ጠጠር ታይቶ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠን። ጸሐፊዎ ስትመዘግብ "የትኛውን ኩላሊት ልበል?" ብላ ጠየቀች። እታለምም "ያለውን" አለቻት።