ከሽማግሌ ጋር ተጨቃጭቄ ያለፍኩት ፈተና

ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሿ እህቴ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ ጉልበትሽ ተሻለው? እናታችንስ ሳሉ ተዋት ወይስ እንደ ልማዷ «ደህና ነኝ» እያለች ታታልላችኋለች? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም። እንዲያውም ዛሬ ደስታዬ ልክ አጥቷል፤ እንግሊዝኛውን አለፍኩት!

ከሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከአንሶላ እጥበት ወጥቼ እንግዳ መቀበያው ላይ እንድቆም የንግግር ፈተና ማለፍ ነበረብኝ። የማታ ክፍላችንን ብታዪው ጉድ ትያለሽ፤ ሁሉም አስተዳደጉን ተሸክሞ ነው የሚገባው። አጠገቤ የምትቀመጠው ገበያ ውስጥ ያደገች ሴት ሰዋስው የሚባል አታውቅም፤ ዋጋ ማስቀነስ ስንለማመድ ግን መምህርቷን ላብ በላብ ታደርጋታለች። ጡረታ የወጡ ዳኛም አሉ። መጽሐፉን ሸምድደውታል፤ እንዳይሳሳቱ ፈርተው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ቀጠሮ ይሰጣሉ። እኔም ብሆን፣ አፏ አያርፍም የምባለው ሴትዮ፣ ታላቅ ሰው ፊት ከቆምኩ አንገቴን ደፍቼ «እሺ» ብቻ ነው። አባባ እንደዚያ አይደል ያሳደገን?

በፈተናው ቀን ከማን ጋር ቢያጣምሩኝ ጥሩ ነው? ከዳኛው! «ቤት ውስጥ የሚለፋው የበኩር ልጅ ነው ወይስ የመጨረሻው? ተከራከሩ» ተባልን። እሳቸው ምንም ቢሉ እኔ «ልክ ነዎት»። ፈታኟ ጨነቃትና «እባክሽ ተቃወሚያቸው፣ ልጥልሽ ነው» ብላ ለመነችኝ። ያንን ሽበት እያየሁ በምን አፌ?

ኋላ ዳኛው ዘና ብለው፣ ታላላቆች ተቀምጠው ያዝዛሉ፣ የሚላላከው ታናሽ ነው አሉ። የአንቺን ንግግር ቁጭ! ደሜ ፈላ። አንቺን አዝዬ የጎበጠ ጀርባዬን፣ አንቺ ሰብረሽ እኔ የተገረፍኩበትን ገንቦ፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ዘረገፍኩት! ዕድሜ ልካችንን የተጨቃጨቅንበት ነገር፣ ምን ሐሳብ ፍለጋ እሄዳለሁ? ቃል ሲያጥረኝ በእጄ ሞላሁት። እሳቸውም ለካ የመጨረሻ ልጅ ኖረዋል፤ ቀጠሮውን ረስተው ጠረጴዛ እየደበደቡ መለሱልኝ። ፈታኟ «በቃ፣ ሁለታችሁም አልፋችኋል!» ብላ በስንት ልመና አስወጣችን።

ደጅ ላይ ደንግጬ ይቅርታ ስጠይቃቸው «ተዪው ልጄ፤ እኔም ታላቅ እህቴ ከመቃብር ተነሥታ የመጣችብኝ መስሎኝ ነው» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ነገ ሰኞ መቀበያው ላይ እቆማለሁ።

እናታችንን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ማን ይበልጥ እንደለፋ ግን እንዳትጠይቂያት፣ ታዳላልሻለች። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ትንሾቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። የበኩር ልጅሽን ግን ዛሬ አንድም ቦታ ሳትልኪያት አስቀምጫትና፣ አክስትሽ ተከራክራልሽ ረታች በያት።

ታላቅ እህትሽ
ከሆቴሉ ሠራተኞች ማደሪያ
እሑድ፣ መጋቢት ፲፩ ቀን