የሚታጠፈው ወይስ የሚቀመጠው

ሚያዝያ 4፣ ጠዋት 12፡30

ኮምፒውተሬ ዛሬም አልነሳም አለ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ የጎኑን ክዳን ከፍቼ አቧራውን በብሩሽ ጠረግኩ፣ ቢስሚላህ ብዬ ተጫንኩ። ዝም። ስምንት ዓመት የሠመራን ሙቀት ችሎ አሁን ደከመው። አልፈርድበትም።

ደብተሬ፣ በእጅ የምጽፍብሽ ለዚህ ነው። አጻጻፌን ቻይው። ጣቴ ከኪቦርድ በቀር የለመደው የለም።

ሥራው ደግሞ አይጠብቅም። ሁለት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የአንድ ት/ቤት ፈተና፣ የጽ/ቤት ደብዳቤ። ሁሉም “ሰዓዳ ትተይበዋለች” ተብሎ እኔ ጋ ተቀምጧል። ሌላ መግዛት ግድ ነው። አንድ ብቻ። ስለዚህ መሳሳት አይፈቀድም።

ሚያዝያ 6፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ

ሎግያ ወርጄ ኑሩ ሱቅ። የደሴ ልጅ፤ ኮምፒውተር ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ መሃል ላይ ያወራል። የኔን ከፍቶ አየና ለሞተ ሰው እንደሚባለው ኢናሊላህ አለልኝ። ማዘርቦርዱ ሄዷል። ሳልወድ ሳቅሁ።

ሁሉንም አስወጣሁት። የጻፍኩት ይኸው፦

ዴስክ.፦ ዋጋው ከላፕ. በብዙ ይቀንሳል። አንዱ ዕቃ ሲበላሽ አንዱን ትቀይሪያለሽ። ኪቦርዱ ሰፊ። ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ለጊዜው የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤስ ይፈልጋል። ከቦታው አይነቃነቅም።

ላፕ.፦ ውድ። መብራት ቢጠፋ ባትሪው ያቆይሻል። ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ግን በኛ ሙቀት ባትሪው ቶሎ ያብጣል፣ ማዘርቦርዱ ከተበላሸ ደግሞ ሁሉም አለቀ።

ታብሌት፦ ከሁሉም ርካሽ። ሁለት መስመር ተየብኩበት። ለፊልም ይሁን።

ማታ ለጀ. በስልክ ነገርኩት። ጀማል፣ ባሌ፣ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ እዚያው ጣቢያ ግቢ ተወልዶ እዚያው ያደገ። እኔ እዚህ፣ እሱ እዚያ፣ አራት ዓመት ሞላን። በወር ሁለቴ ይመጣል፣ አንዳንዴ እኔ እሄዳለሁ። ጠቅልዬ እሱ ጋ ላለመግባት አሮጌው ዴስክ. ሰበቤ ነበር፤ ይህን ሳጥን ተሸክሜ የት እሄዳለሁ እለው ነበር። እሱም ይስቃል።

ዛሬ ዴስክቶፕ ግዢ አለኝ። ለምን ስለው፣ የቤት ዕቃ ነው አለ። 

ሚያዝያ 7፣ ከአስር ሶላት በፊት

ጎረቤቴ ሐጂ ዓሊ በግድግዳው ጥላ ሥር ምንጣፋቸውን ዘርግተው ጠሩኝ። ዳጉ መሆኑ ነው። አፋር ሲገናኝ ሰላምታ ብቻ ብሎ አያልፍም፤ ይቀመጣል፣ ምን አየሽ፣ ምን ሰማሽ፣ ከማን ይልሻል። አንቺም ትመልሻለሽ፤ ያልሽውም ለሚቀጥለው ሰው ይደርሳል። ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ።

ስለ ኮምፒውተሩ ነገርኳቸው። ሐጂ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፣ ግን ከኑሩ የተሻለ ጠየቁኝ። ስንት ዓመት ይቆያል፣ ሲወድቅስ፣ ሲታመም ማን ያክመዋል። እስካሁን ወደየትኛው አደላሽ ሲሉኝ ምን አልኩ፦ የምኖረው ሁለት ቦታ ስለሆነ የሚታጠፈውን ነው የምገዛው።

ደስ ብሎኝ ገባሁ። የሚያዳምጥ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሚያዝያ 10፣ ጠዋት

ደብተሬ፣ ጉድ ነው። ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ መልሱ ከየአቅጣጫው መጣልኝ። ሐጂ የጠየቁት መንገደኛ ሌላውን ጠይቆ፣ ያም ሌላውን።

ከአፋምቦ፦ የአንዲት ነርስ ላፕቶፕ፣ አምስት ዓመቱ፣ ባትሪው ሞቷል፣ ሶኬት ላይ ካልሆነ አይሠራም። ያየው ወንድሟ።

ከአሳይታ፦ የአንድ ጸሐፊ ዴስክቶፕ፣ አሥራ ሁለት ዓመት። ሆዱ በሙሉ ተቀይሯል፣ የቀረው ሳጥኑ ብቻ ነው፤ ግን ይሠራል። ያየው ራሱ መልእክተኛው።

ከሰርዶ፦ የአንድ ሻይ ቤት ባለቤት ስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የሆነ ገዝቶ መስኮት ሥር አስቀመጠው። ከሰዓት ፀሐይ አበሰለው፤ ከፍቶ የሚጠግነውም ጠፋ። ይኸኛው የተሰማ እንጂ የታየ አይደለም ተብሎ ተለይቶ ተነገረኝ።

ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ለይቶ የሚነግርሽ የለም። ቀኑን ሙሉ ፈገግ ስል ዋልኩ።

ሚያዝያ 11፣ ጠዋት 11፡45

ሙቀቱ ጀምሯል፣ አልጋዬን ደጅ አውጥቻለሁ። ነፋስ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ላፕ. ቢኖረኝ አሁን እዚሁ አልጋ ላይ ሆኜ ፀሐይ ሳይወጣ አሥር ገጽ እጨርስ ነበር። ልቤ ወደ ላፕ. ነው። ነገ ለኑሩ እነግረዋለሁ።

ሚያዝያ 11፣ ከመግሪብ በኋላ

ጀ. ደወለ። ድምፁ ሌላ ነው። የሚታጠፈውን ልትገዢ ነው አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ለመንገድ ይመቻል አለኝ። ማን ነገረህ? አልኩት። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ከሐጂ ዓሊ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ አዋሽ ሲደርስ ለጣቢያው ዘበኛ፣ ዘበኛው ለሱ። ያልኩትን ቃል በቃል ደገመልኝ፦ የምኖረው ሁለት ቦታ ስለሆነ።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ከጣቢያው ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት አግኝቼ ነበር አለኝ። ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ አለው። ድንገት ላሳይሽ ብዬ ነበር። ቁልፉን ሐሙስ እመልሳለሁ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። 

ሚያዝያ 12፣ ረፋድ

ተናድጄ ሐጂ ጋ ሄድኩ። ቆሜ ላወራ ስል ቁጭ በይ አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። ወሬው ቤቴን ሊያፈርስ ነው አልኳቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ፣ “ያላልሽው ነገር ተጨምሯል?” አሉ።

አልተጨመረም።

“ያልሽው ተቀንሷል?”

አልተቀነሰም። ሁሉም ያው የኔ ቃል ነው። እንግዲያው ወሬውን ማስተካከል አልችልም፣ ትክክል ነው አሉ። የተለየ ወሬ ከፈለግሽ የተለየ ነገር አምጪ። እሱን አደርስልሻለሁ።

ከዚያ እንደ ወጉ ጠየቁኝ፣ እንደ አዲስ፣ ምንም እንዳልሰሙ። ምን አለ? ምን አስበሻል? ከራስሽ ነው ከሌላ?

 ሥራዬ እዚህ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግማሹ ሥራ ግን ዛሬም በቴሌግራም ነው የሚመጣው። ሰው የሚያውቀኝ እዚህ ነው ልል አልኩ፤ ይኸኛው እውነት ነው። የፈራሁት እሱን ነው። አዋሽ ውስጥ ማንም ያልሆንኩ የጀማል ሚስት መሆንን። ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም፣ ለጀ.ም ጭምር። ለሐጂ ነገርኳቸው። ነገሩ ወጥቶ ሲታይ ትንሽ ሆነብኝ።

እሳቸው ግን አልሳቁም። ይህ የሚነገር ነው ወይስ እዚሁ የሚቀር? አሉ። እዚሁ ይቅር አልኩ። ሻይ ቀዱልኝ።

ሚያዝያ 13፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

እንቅልፌን ጠግቤ ተነሳሁ። የሚገርም ነው።

የሚያዝያ 6ቱን ገጽ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ዋጋው ዴስክ. ዕድሜው ዴስክ. ኪቦርዱም ዴስክ. ሁሌም ዴስክ. ነበር። መብራቱን ዩፒኤስ ከቻለው፣ ላፕ. የሚያሸንፈው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ይዘሽው ለመመላለስ። አልጋ ላይ መተየቡም ጥሩ ነበር፤ ይቅርብኝ።

ሚያዝያ 13፣ ከዙሁር በኋላ

ኑሩ ወሬው ደርሶት ላፕቶፑን ጠርጎ፣ ቻርጅ አድርጎ ጠበቀኝ። እሱን አይደለም አልኩት። አሳይታ ያለው ዓይነት፣ ሆዱ የሚቀየረውን። ዩፒኤሱንም ጨምርበት።

ኑሩ ተገረመ። እትዬ፣ ከሠመራ አዋሽ፣ አዋሽ ሠመራ እያልሽ ይህን ሳጥን እንዴት ልትሸከሚው ነው አለኝ።

የምሸከመው አንድ ጊዜ ነው አልኩት።

ስመለስ ሐጂ ዓሊ ጥላቸው ሥር ናቸው። ሳይጠሩኝ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሳጥኑን አዩ፣ እኔን አዩ። ነገርኳቸው፦ የሚቀመጠውን ገዛሁ፣ ቅዳሜ ጠቅልዬ አዋሽ እሄዳለሁ፣ ከራሴ ነው። ተነስተው መንገድ ዳር ወጡ፤ ወደ አዋሽ የሚሄድ መኪና እየፈለጉ ነው።

ለጀ. መደወል እችላለሁ። ስልኩ እጄ ላይ ነው። ግን ይህን ከሐጂ ይስማው፤ እንደዚያኛው፣ ቃል በቃል፣ ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ።