ኦክታቭ ሪዝ ላይ ያረፈው ሻምፓኝ

ምንትዬ፣ ካርዱ ላይ የምታዪውን ጸጥ ያለ የወይን ማሳ እንዳታምኚው። እዚህ ፈረንሳይ እንደኛ ሰፈር ሰው ይኳረፋል።

አሠሪዬ ፊርማን ከራሱ ወይን ሻምፓኝ ይጠምቃል። የአጥር ጎረቤቱ ኦክታቭም እንደዚያው። የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው፤ ግን ፊርማን ስኳር ስለማይጨምር ኦክታቭ "ስኳር ያልገባበት ሻምፓኝ የሎሚ ጭማቂ ነው" ካለው ወዲህ ሰላምታም የላቸውም።

ትናንት ግቢ ውስጥ አተላ ስናወጣ ዋልን። እኔ ጠርሙስ አቀብላለሁ፤ ፊርማን ቆርኪውን ሲነቅለው የጠርሙሱ አንገት ላይ የተጠራቀመው አተላ ከነአረፋው ይተኮሳል። ማነጣጠር ያለበት ፊት ለፊቱ በተቀመጠው በርሜል ላይ ነው። ኦክታቭ በአጥሩ ላይ ብቅ ሲል ግን እጁ ሳተ። ሳተ የሚለው እሱ ነው። የሰውዬውን ፊት አረፋ አለበሰው።

ድብድብ መጣ ብዬ ጠርሙሶቹን ሸሸግሁ። ኦክታቭ ሪዙን ላሰ። ደግሞ ላሰ።

"ይሄስ ስኳር አይፈልግም" አለ ኦክታቭ። "ግን በሪዝ ብቻ አይፈረድም።"

"እንግዲያው ከቆምክበት ንቅንቅ እንዳትል፤ አፍህን ክፈት" አለው ፊርማን፣ እጁን ለሌላ ጠርሙስ ወደኔ እየዘረጋ።

እኛ ጋ ቢሆን ስንት ሽማግሌ በተመላለሰ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። አባትሽና ጋሽ ታፈረ በጠጁ ጌሾ የተነሳ እስካሁን እንደተኳረፉ ከሆነ፣ እኔ እስክመጣ ጋሽ ታፈረ ሪዛቸውን እንዳይላጩ አደራ።

ሰናይት