ከፍ ብሎ የዋለ እግር

ገሳይ፣ ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለናፈቅሁሽ ልጄ ለየምስራች፤

ሰላምታዬ ጅዳ ድረስ ይግባልሽ። ይህን ደብዳቤ የጌጤ ልጅ ገነት ወደዚያው ስትመለስ ታደርስልሻለች። እንዳትሰጊ ብዬ በስልክ ያልነገርሁሽን፣ አሁን ሲሻለኝ ልንገርሽ።

በመስቀል ሰሞን የግራ ውስጥ እግሬ ላይ ቁስል ወጣብኝ። ስኳሩ እግሬን አደንዝዞት ኖሮ፣ ምን እንደወጋኝ እንኳ አላወቅሁም። ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ጎረቤቱ ሁሉ «ወንዛዬ ፍል ውሃ ውረጂ» ሲለኝ ስንቄን ቋጠርሁ። አባትሽ ግን «መጀመሪያ ሐኪም ይየው» ብሎ ደብረ ታቦር ወሰደኝ።

ሲስተር ዓይናለም የምትባል ነርስ ቁስሉን አጥባ፣ የእግሬን ጀርባ በጣቶቿ ዳብሳ ዳብሳ የደሙን ትርታ አገኘችው።

«እማማ፣ ደምዎ እግርዎ ድረስ ይወርዳል፤ ተመስገን ነው። ፍል ውሃ ግን እንዳይሞክሩ። የማይሰማ እግር ሲቃጠልም አያውቅም።»

«ታዲያ የስኳሩን መድኃኒት እየወሰድሁ ለምን አልሽር አለኝ?»

«እብጠቱ ነዋ! እግርዎ ውሃ ቋጥሮ ቁስሉን ወጥሮታል። እብጠቱ ካልጎደለ አይሽርም።»

ከጣቶቼ ጀምራ እስከ ጉልበቴ ሥር በሚለጠጥ ፋሻ ጠቀለለችልኝ። «በየሳምንቱ እየመጡ ይታዩ። ቤት ሲሆኑ እግርዎ ከፍ ብሎ ይዋል፤ አይቁሙበት» አለችኝ።

ልጄ፣ ይህች ትእዛዝ ከመርፌ ባሰችብኝ። እንግዳ ፊት እግር ሰቅሎ መቀመጥ ለእኔ ነውር ነው። ሰው በገባ ቁጥር አወርደዋለሁ፤ ተነሥቼም ጉድ ጉድ እላለሁ፤ ሲመሽ እንደ ቅል ይነፋል። በቀጠሮዬ ሲስተር ዓይናለም ፋሻውን ፈትታ ቁስሉን አየችው። «እማማ፣ እንዲህ ከቀጠለ እግሩን እናጣዋለን» አለችኝ።

በማግሥቱ አባትሽ ጆንያ ውስጥ የገብስ ገለባ ጠቅጥቆ ለእግሬ መከዳ ሠራልኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚቀዳውም፣ ወፍጮ የሚሄደውም እሱ ነው። ወፍጮ ቤት «ካሴ፣ ቀሚሱን መቼ ትለብሳለህ?» ብለው ቢስቁበት፣ «እናንተ ሳቁ፤ የእኔ ሚስት በሁለት እግሯ ትሄዳለች» አላቸው አሉ። ሽሮው ይጓጉልበታል እንጂ ይበላል።

ገና ሰሞን የንስሐ አባታችን ቄስ ሙላቴ ሊጠይቁኝ ገቡ። ደንግጬ እግሬን ላወርድ ስል አባትሽ ያዘኝ።

«ይፍቱኝ አባ፣ አታውርጂ ተብላ ነው» አላቸው። ላብ አጥምቆታል።

እሳቸው መስቀላቸውን አሳለሙኝና ጎንበስ ብለው መከዳውን በእጃቸው አስተካከሉልኝ። «ለመዳን ብሎ ከፍ ያለ እግር ምን ነውር አለበት?» አሉ። አለቀስሁ። ከዚያ ወዲያ ንጉሥ ቢገባም አላወርድም።

አሁን እብጠቱ ጎድሎ የቁርጭምጭሚቴ አጥንት ታየ። ቁስሉ ጠቦ ምስር አክሏል፤ ዙሪያውንም ቀይ ሥጋ አብቅሏል። ሲስተር ዓይናለም «በዚሁ ከያዙት ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ» ብላኛለች።

ያለ ምርቃቱ ከሄድሽ ወዲህ አባትሽ ስምሽን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጦ የታጠበውን ፋሻ ይጠቀልላል። አሁን ድንገት ቀና ብሎ፣ «የምስራችስ? በሰው ቤት ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትውል እግሯ አያብጥም ወይ? ማረፊያ አላት? ጠይቂያት» አለኝ።

መልሱን ለእሱ ጻፊለት፣ ልጄ።

እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤ መውጫ መግቢያሽን ያሳምረው።

እናትሽ አዛለች