በወንዶች ሸሚዝ ላይ አበባ የጠለፉት ኦራሊያ

ኦራሊያ ቪሴንቴ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከሲሪሎ ቪሴንቴና ከእናታቸው ከገበያ ነጋዴዋ ከኤፒፋኒያ ኦሮስኮ በጃንዋሪ 1954 በሜክሲኮ አገር፣ በሁቺታን ከተማ ተወለዱ። ክርስትና የተነሡት ኦራሲዮ ተብለው ነበር። ሆኖም በአገሩ አጠራር ሙሼ ነበሩ፤ ወንድ ተብለው ቢወለዱም በሴት ስምና በሴት ልብስ ኖሩ። ጥልፍ ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸው። ትምህርታቸውን ግን «ሱሪ ካልለበስክ አትግባ» ስለተባሉ ከአራተኛ ክፍል አቋረጡ።

በ1979 ታላቅ ወንድማቸው ፊደንሲዮ ሲያገቡ፣ ኦራሊያ የሙሽራውን ነጭ ሸሚዝ ሲተኩሱ ደረቱ ላይ አቃጠሉት። ሌላ ለመስፋት ጊዜ ስላልነበረ በተቃጠለው ላይ ትልልቅ ቀይ አበባ ጠለፉበት። እስከዚያ ቀን አበባ የሴት ልብስ ጌጥ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ፣ «ፊደንሲዮ፣ ከሁለታችሁ ሙሽራዋ የትኛዋ ናት?» እያሉ ሲስቁባቸው ዋሉ። በዓመቱ ግን የሳቁት ራሳቸው በየተራ እየመጡ፣ «እትዬ፣ ለእኔም ጥለፊልኝ፤ ብቻ ከእሱ ይብለጥ» ይሉ ጀመር። ዛሬ በሰፈራችን ያለ አበባ የሚዳር ወንድ የለም።

ኦራሊያ ትዳር አልመሠረቱም። የወንድማቸውን ልጅ ሮሴንዳን ግን እንደ ልጃቸው አሳደጉ። ሮሴንዳ በ2008 ስታገባ ቀሚሷንም የወንዶቹንም ሸሚዝ የጠለፉት እሳቸው ናቸው። የሙሽራው ወገን ከዋናው ከተማ የመጣ ነበርና ፊደንሲዮ፣ «ለዛሬ ብቻ ሱሪ ልበሺልኝ፤ በሰው ፊት አታዋርጂኝ» አሏቸው። ኦራሊያም፣ «ሥራዬ ይሂድልህ፣ እኔ እቀራለሁ» ብለው ከቤታቸው አልወጡም። ቤተሰቡ የእሳቸውን አበባ ለብሶ ሲጨፍር አመሸ፤ የሰርጉን ድርሻ እንኳ የላከላቸው የለም። ከዚያ ወዲህ ፊደንሲዮ በእኅታቸው ደጅ የሚያልፉት አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ኦራሊያ በስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ ሲሠቃዩ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ፣ ማርች 11 ቀን 2025፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ፊደንሲዮ ለመገነዣ ጥቁር ሙሉ ልብስ ይዘው መጡ፤ «ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ አለ» ብለው። የኦራሊያ የሙያ ጓደኛ ሙሼዋ ፌሊሲታስ፣ «አባባ ፊደንሲዮ፣ እርስዎ አበባዋን ደረትዎ ላይ ለብሰው እሷን ሱሪ ያለብሷታል?» አሏቸው። ፊደንሲዮ ዝቅ ብለው ሸሚዛቸውን አዩ። ኋላ ሙሉ ልብሱን አጣጥፈው ለሮሴንዳ ሰጡና፣ ኦራሊያ ለክብር ቀን የጠለፉትን የጥቁር ከፋይ ቀሚስ በገዛ እጃቸው አለበሷቸው። «እንዲሁ እንዳለሽ ነይ» ሲሉም ሰምተናል።

ከኋላቸው ወንድማቸው ፊደንሲዮ፣ ሮሴንዳና መርፌ መያዝ ያስተማሯቸው ብዙዎች ቀርተዋል። እኛ በቀሚሳቸው ወደ ሰርጋችን እንዳይገቡ የከለከልናቸውን ኦራሊያን፣ እግዚአብሔር በዚያው ቀሚስ ወደ ሰርጉ ቤት ያስገባቸው።